ከሁሩታ ያልመጣው ሚስኮል

ባለፈው ሐምሌ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ከሁሩታ መምጣት የነበረበት ሚስኮል አልመጣም። አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ፤ አልመጣም። ሁለት ሰዓት ላይ ባለቤቴ ሙሉነሽ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማ ነበር።

ሚስኮል ቀረ ተብሎ ነጠላ ይለበሳል ወይ ትሉኝ ይሆናል። እንዲህ ካላችሁ ቤታችሁ ገና ወጪ አልቀነሰም ማለት ነው። የእኛ ቀንሷል። ሙሉነሽ የወር ክፍያዎቻችንን ወረቀት ላይ ደርድራ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠች። በጋዜጠኝነት ዘመኔ ብዙ አርታኢ አይቻለሁ፤ እንደ እሷ ያለ ጨካኝ ግን አላጋጠመኝም። የዲሹ ክፍያ ተሰረዘ። ወደ ቢሮ የምሄድበት ባጃጅ ተሰረዘ፤ «እግር አለህ» ተባልኩ። የስልኩ ጥቅል ወደ ትንሹ ወረደ። በየአሥራ አምስት ቀኑ እናቷን እማማ ድንቄን ለመጠየቅ ወደ ሁሩታ የምናደርገው የእሑድ ጉዞ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ትንሽ ቆም አለ። ከዚያ እሱም ተሰረዘ። በምትኩ ሚስኮል ገባ።

ሚስኮል ነጻ ነው፤ ሥርዓት ግን አለው። በእኛ ቤት አንዴ ጠርቶ ከተዘጋ «ደርሻለሁ» ነው። ሁለቴ ከጠራ «ዳቦ ይዘህ ና»። ሦስቴ ከሆነ ነገር አለ፤ ደውል። ተሳስቶ ስልኩን ያነሳ ሰው ሂሳብ አስቆጥሯልና እስከ ማታ ይወቀሳል። ብቻቸውን የሚኖሩት እማማ ድንቄ ደግሞ በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በእኔ ስልክ አንዴ ደውለው ይዘጋሉ። ትርጉሙ «በሰላም አድሬአለሁ» ነው። እኛም ሰምተን ወደ ቁርሳችን እንዞራለን። ሦስት ወር ሙሉ አማቴን የጠየቅናቸው እንዲህ ነው፤ ያለ ትራንስፖርት፣ ያለ ስኳር፣ ያለ ቃል።

ከሐሙሱ በፊት በነበረው ረቡዕ ቀዩ እስክሪብቶ ስልኬ ላይ ደረሰ። ትልቁ ስልኬ ራሱን በራሱ እያደሰ ጥቅሉን ብቻውን ይበላዋል፤ ሸጥኩት። መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሱቅ፣ ሻጩ በኦሮምኛ እየማለ እኔ በአማርኛ እየተከራከርኩ፣ ርካሽ ስልክ ገዛሁ። አዲሱ ስልክ ጨዋ ነው፤ ከልክ በላይ ጨዋ። ፎቶ ላንሳ ስል «ይፈቅዳሉ?» ይለኛል። ፊደሎቹ ቦታ ስለቀየሩ «ደህና ነኝ» ብሎ ለመጻፍ አንድ ዜና የምጨርስበትን ጊዜ ይወስድብኛል። ሻጩ እንደ ትልቅ ነገር የነገረኝ ሌላ ጠባይም አለው፤ አንዴ ጠርቶ የሚዘጋን ጥሪ አጭበርባሪ ነው ብሎ ስለሚጠረጥር ድምፁን ያጠፋዋል። ጎበዝ ስልክ ነው አልኩ። ያን ሰዓት አማቴ ትዝ አላሉኝም።

ሐሙስ ጠዋት ትዝ አሉኝ።

«ስልኩ ደብቆት ይሆናል» አልኳት ሙሉነሽን።

«‹ይሆናል› ዜና ነው እንዴ? አንተ አይደለህ ሁልጊዜ አጣራ የምትለው?»

ሥርዓቱን ጥሰን ደወልን። የእማማ ድንቄ ስልክ ዝግ ነው። ደግመን ደወልን፤ ዝግ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ሌላ ጊዜ ከአሰላ እስከ ሁሩታ ወሬ የማያልቅባት ሙሉነሽ ያን ቀን መንገዱን ሙሉ ዝናቡን እያየች ሄደች። ከአስፋልቱ ወርደን ጭቃውን በጋሪ አቋረጥን። ባለጋሪው ፈረሱን ቀስ ሲያደርግ «ምታው!» አለችው። ሙሉነሽ ፈረስ ሲመታ አትወድም።

እማማ ድንቄ በረንዳው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል።

«ምነው፣ ማን ሞተ?» አሉን።

«አንቺ ነሻ!» አለች ሙሉነሽ፣ ልቅሶዋንም ለቀቀችው። «ለምንድን ነው ያልደወልሽው?»

«ደወልኩ እንጂ! ባትሪው የሞተው ከደወልኩ በኋላ ነው። መብራት የለም።»

እንግዲህ ጥፋተኛው ታወቀ። ስልኬን አውጥቼ ጠባዩን ተናዘዝኩ። ሙሉነሽ እንደ እባብ አየችው። ከዚያ ዶሮ ወጥ ቀረበ። ሐሙስ ቀን፣ ብቻቸውን በሚኖሩ ሴት ቤት፣ ከነእንቁላሉ የደረሰ ዶሮ ምን ይሠራል ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ስንት ዘመን ሲጠይቅ የኖረ አፌ ግን በዚያን ሰዓት ጎርሶ ነበር።

ፍርዱ እዚያው ገበታው ላይ ተሰጠ። የእሑዱ ጉዞ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ በምትኩ የእኔ የከሰዓት ማኪያቶ ይሰረዛል። ስልኩም ለሻጩ ይመለሳል።

«ኧረ ተዪው» አሉ እማማ ድንቄ፣ አንድ ብልት ወደ እኔ እየገፉ። «ዕቃ ምን ያውቃል? ደግሞ ልጄ ለምዶታል።»

አንድ ቀን ያልሞላውን ስልክ ነው ለምዶታል ያሉት።

ቅዳሜ ስልኩን ይዤ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሻጩ ክሱን በትዕግሥት ሰማኝና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ምንም አይደብቅም፤ ድምፅ የነሳቸውን ለብቻ ይመዘግባል» ብሎ እኔ የማላውቀውን ገጽ ከፈተልኝ። ስልኩ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ጥሪዎችን ጠርጥሯል። አንደኛው የዕድራችን ጸሐፊ ነው፤ ሌላው የቢሯችን ዘበኛ። ከሁሩታ የተደወለ የለም።