የሊቀ መንገድ ስለሺ ዐሥራ ሁለተኛው ጉዞ

ሐበሻ ከአምስት በላይ ሆኖ በሚኖርበት የሰው አገር ሁሉ አንድ ጉዞ አዘጋጅ አይጠፋም። ፈጣሪ ለእያንዳንዱ ከተማ ጠባቂ መልአክ ከመደበ በኋላ፣ ለእያንዳንዱ የስደተኛ ሰፈር ደግሞ ደብተር የያዘ አንድ ሰው ይመድባል። ይህ ሰው ስም ይመዘግባል፣ ኮሚቴ ያስመርጣል፣ ጀሪካን ያስቆጥራል፣ ማን በመስኮት ማን በበር በኩል እንደሚቀመጥ ይደነግጋል። የማያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው። አይሄድም።

በካርቱም ለዴም ሰፈር የተመደቡት ጋሽ ስለሺ ነበሩ። ሰፈርተኛው በፊታቸው «ሊቀ መንገድ» ይላቸዋል፤ በሌሉበትም እንዲሁ ነው የሚላቸው፤ ልዩነቱ ሳቁ ላይ ነው። ዕድሜያቸው አምሳ ስምንት ነው። ከናይል ዳር፣ በሀብታሞቹ ሰፈር በአል-ማንሺያ፣ የአንድ ቪላ ዘበኛ ናቸው፤ ሱዳኖቹ «ገፊር» ይሉታል። ዓርብ ዕረፍታቸው ስለሆነ ዓርብ ዓርብ በረክሻ፣ ማለትም በባጃጅ፣ ዴም ይመጡና ከጸሐይወርቅ ሱቅ ጓዳ ስብሰባ ይከፍታሉ።

ጸሐይወርቅ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጧፍና የስልክ ካርድ ትሸጣለች። ለጋሽ ስለሺ ጉዞ ዐሥራ አንድ ጊዜ ተመዝግባ ዐሥራ አንድ ጊዜ ሱቋ ውላለች። ተስፋ መቁረጥ ኃጢአት መሆኑን ታውቃለች። ስለዚህ በየዓመቱ ኅዳር ሲወጣ ለንስሐ አባቷ «ዘንድሮም በጋሽ ስለሺ ምክንያት ተስፋ ቆርጬ ነበር» ብላ ትናገራለች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቄሱ ስግደት ያዙባት ነበር። ኋላ ግን «እኔም ተመዝግቤ ነበር እኮ» ብለው ዝም አሏት።

የሌላው ሰፈር ጉዞ ወደ ገዳም ነው። የሊቀ መንገድ ግን ወደ ሕንፃ ነው። አብዱልወሃብ የሚባሉ ስመ ጥር መሐንዲስ ነበሩ፤ ሱዳኖች እንደ ወጉ «ባሽሙሃንዲስ» እያሉ ያከብሯቸዋል። ከሞቱ ቆይተዋል። ስድስት ሕንፃቸው ይወራል፤ በአል-ማንሺያ ቪላው፣ በወድ መደኒ ትምህርት ቤቱ፣ በሰናር የእንግዳ ማረፊያው፣ በገዳረፍ ክሊኒኩ፣ በከሰላ የገበያ አዳራሹ፣ በፖርት ሱዳን የጉምሩክ ቤቱ። ጋሽ ስለሺ የሚጠብቁት የመጀመሪያውን ነው። የቀሩትን አምስቱን ማየት ይፈልጋሉ።

አንድ ዘበኛ ለሕንፃ ምን አገባው የሚል ካለ መልሱ ይኸው። በአል-ማንሺያ የዘበኛ ክፍል ማለት ቆርቆሮ የለበሰ ምድጃ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር የሰፈሩ ዘበኞች ፍራሻቸውን እየጎተቱ ውጭ ያድራሉ። የጋሽ ስለሺ ክፍል ግን ቀዝቃዛ ናት። ከጣራው ሥር ክንድ የማይሞላ ሰያፍ ቀዳዳ አለ፤ ከወንዙ የሚነሣውን ንፋስ አጠፍ አድርጎ አልጋው ላይ ያወርደዋል። እሳቸው ለዓመታት የግንበኛ ስሕተት ይመስላቸው ነበር። አንድ ቀን ቪላውን ሊያዩ የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የድሮውን ፕላን መሬት ላይ ዘርግተው አሳዩአቸው። ቀዳዳው ፕላኑ ላይ አለ። ከጎኑ በባሽሙሃንዲሱ እጅ «ለገፊሩ» ተብሎ ተጽፏል።

ያን ቀን ነው ሊቀ መንገድ የሆኑት። ፊደል በፊደል ዐረብኛ ማንበብ ተማሩ፤ ስለ ሰውየው የተጻፈ ያገኙትን ሁሉ አነበቡ። ሁሉም የሚያወራው ስለ ሕንፃዎቹ ደረጃ፣ ስለ ቅስቱ፣ ስለ ግንባሩ ነው። ፎቶ አንሺውም ቢሆን ፊት ለፊት ቆሞ ነው የሚያነሣው። የዘበኛ ክፍል ፎቶ የለም።

«አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ አጋጣሚ ነው» ይላሉ ጋሽ ስለሺ። «ስድስቱም ላይ ካለ ግን ሰውየው ጻድቅ ነው።»

«እስላም ነው እኮ፣ ጋሼ» ይላል ሹፌሩ ከቢር፣ እሱም የወሎ እስላም ነውና ነገሩን ለማጣራት ያህል።

«ጻድቅ ነው አልኩ እንጂ ታቦት ይቀረጽለት አልኩ?»

ታዲያ ለምን አይሄዱም? «መጀመሪያ በወረቀት እንድረስ» ስለሚሉ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጉዞው የቀረው ኮሚቴው የሰብሳቢውን ምክትል መምረጥ አቅቶት ነው። በሁለተኛው ዓመት ምክትሉ ተመረጠ፤ ሰብሳቢው ተቀየመ። በሦስተኛው ዓመት «የሽንት እረፍት በየስንት ሰዓቱ ይሁን» በሚለው አጀንዳ ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጎ ሳይቋጭ ኅዳር አለቀ። በአራተኛው ሁሉ ነገር ተሟልቶ ሳለ አንዱ ተሳፋሪ በዋዜማው በከሻ ተያዘ። ከሻ ፖሊስ የመኖሪያ ወረቀት የሌለውን ከየመንገዱ እየለቀመ የሚጭንበት አፈሳ ነው። ጋሽ ስለሺ «ሰው ጥለን አንሄድም» ብለው ሁሉንም አስወረዱ። ሰውየው በዐሥረኛው ቀን ሲፈታ ዳቦው ሻግቶ ነበር። አንዴ ነዳጅ ጠፋ፤ አንዴ ጎማ። አምና ደግሞ በሰልፉ ምክንያት ድልድዮቹ ተዘጉና ከቢርም መኪናውም ማዶ ኦምዱርማን ቀሩ። ጋሽ ስለሺ በስልክ «ካለህበት ሆነህ ጎማውን ፈትሽ» ሲሉት ተሰምተዋል።

ዘንድሮ ግን፣ ማለትም በ2015 ዓመተ ምሕረት፣ ነገሩ ከሳቅ አለፈ። የጋሽ ስለሺ ቀኝ ዓይን ጠፍቷል። ግራው እንደ ቧንቧ ቀዳዳ ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል። ሐኪሙ «ግራው እስከ ፋሲካ ከቆየልህ አመስግን» ብሏቸዋል። ይህን ለማኅበሩ የነገሩት በአጀንዳ አራት «ልዩ ልዩ» ሥር ነው፤ ከጀሪካን ጉዳይ ቀጥሎ። ጸሐይወርቅ ጓዳውን ትታ ሱቋ ውስጥ ገብታ የሌለ ደንበኛ አስተናገደች።

የጉዞው ቀን ኅዳር 21፣ ጽዮን ማርያም፣ እንዲሆን በአንድ ድምፅ ተወሰነ። የውጭ አገር ሰው ከካርቱም ወጥቶ ለመጓዝ ተስሪህ የሚባል የጉዞ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ጋሽ ስለሺ ቢሮው ድረስ ራሳቸው ሄዱ። ጸሐፊው «ከስንት ጀምሮ?» አላቸው። «ከሃያ አንድ» አሉ። ሰባት ቀን ተፈቀደ። ወረቀቱን በደረት ኪሳቸው ይዘው ቀጥታ ወደ ጸሐይወርቅ መጡ።

«አንቺ እዪልኝ፣ ጸሐይ። ዓይኔ ቁጥር ላይ ይወላገዳል።»

ጸሐይወርቅ ሱቅ ውስጥ ሁለት ካላንደር ጎን ለጎን ተሰቅሏል፤ አንዱ የቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ የመንግሥት። ዴም ውስጥ ቀን የጠፋበት ሁሉ የሚጠይቀው እሷን ነው። ወረቀቱን አየች። ሃያ አንድ፣ ዐሥራ አንድ። ዐሥራ አንደኛው ወር ኖቬምበር ነው፤ ኖቬምበር ኅዳር ነው። «ልክ ነው» አለች፤ ወረቀቱንም ግንባሯ አስነክታ መለሰችላቸው።

በዕለቱ ጎሕ ሲቀድ ዐሥራ አንድ ሰው ከሱቁ በር ላይ ተሰበሰበ። የከቢር ሐፍላ፣ ያቺ አሮጌ ሚኒባስ፣ በሰዓቷ መጣች። ነዳጅ ሞልታለች። በከሻ የተያዘ የለም። ማንም አልተቀየመም። ይህ ሁሉ ጸሐይወርቅን አስፈራት።

«ጋሼ፣ እውነት እየሄድን ነው ወይስ ስብሰባው መኪና ላይ ነው?» አለች ሐምዲያ። ሐምዲያ በአል-ማንሺያ የቤት ሠራተኛ ናት። ለእመቤቷ «ጥርሴን አሞኛል» ብላ ነው የወጣችው። ወድ መደኒ እኅት አለቻት፤ ሦስት ዓመት አልተያዩም።

«ያላ፣ ከቢር» አሉ ጋሽ ስለሺ። «ንዳው።»

ሄዱ። ሐምዲያ ከኋላ እልል አለች። ከተማው ቀስ በቀስ ሳሳ፤ መጋዘኖቹ፣ የጡብ ምድጃዎቹ፣ ከዚያ ሜዳው መጣ። ጋሽ ስለሺ አንገታቸውን አዙረው፣ በዚያች በምታየው ዓይናቸው፣ እያንዳንዱን የኤሌክትሪክ ምሰሶ ይሰናበቱ ነበር። ጸሐይወርቅ በልቧ «እመብርሃን፣ አንድ ጊዜ ብቻ» አለች።

ከተማው ማለቂያ ላይ ኬላ አለ። ወጣት መኮንን ወረቀቱን ተቀበለ፤ ገልበጥ አደረገው።

«ያ ሐጅ፣ ይህ እኮ አልፎበታል» አለ በዐረብኛ፣ ሽማግሌ በሚጠራበት ወግ።

«እንዴት ያልፍበታል? ዛሬ ሃያ አንድ ነው።»

«ዛሬ ሠላሳ ነው። ወረቀትህ ከሃያ አንድ እስከ ሃያ ሰባት ይላል። ካለቀ ሦስት ቀኑ።»

ከመኪናው ውስጥ ቀድሞ የገባት ለጸሐይወርቅ ነው። የእኛ ኅዳር ሃያ አንድ የእነሱ ኖቬምበር ሠላሳ ነው። ሁለቱን ካላንደር ለሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ሰቅላ፣ በየማለዳው ከሁለቱም ላይ ቅጠል ስትቀድ የኖረች ሴት፣ ሃያ አንድን አይታ ጽዮን ማርያም መሰላት።

«ጋሽ ስለሺ፣ እኔ ነኝ» አለች። «እርስዎ እዪልኝ ብለውኝ እኔ ነኝ ልክ ነው ያልኩት።»

ጋሽ ስለሺ ወደ ድምፅዋ ዞሩ። «ቀኑን የሰጠሁት እኔ ነኝ። አንቺ ማርያምን ነው ያየሽው፤ እኔም እሷን ነው ያልኩት።»

ከቢር ወርዶ ለመነ። ሐምዲያ ወርዳ ለመነች፤ እኅቷን ጠራች፣ ጥርሷን ጠራች። መኮንኑ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ይረገማል። «ባሳልፋችሁ በሚቀጥለው ኬላ ያስሯችኋል» አለ። «ለመሆኑ ወድ መደኒ ምን አላችሁ?»

«ትምህርት ቤት ልናይ ነው» አለ ከቢር፣ ከመቼውም ይልቅ ራሱን እንደ እብድ እየቆጠረ። «የባሽሙሃንዲስ አብዱልወሃብን።»

መኮንኑ ሳቀ። «እዚያ እኮ ነው የተማርኩት።»

ያን ጊዜ ጋሽ ስለሺ ከመኪናው ወረዱ። አንድ እጃቸውን በሚኒባሷ ጎን ላይ እያስኬዱ መጥተው መኮንኑ ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ የዘበኛው ክፍል የት ነበረች?»

«ከበሩ በስተቀኝ። ምነው?»

«ትሞቅ ነበር?»

መኮንኑ ሊስቅ አፉን ከፈተና ተወው። አንገቱን አከከ። «ዐም ኢክሪማ የሚባል ዘበኛ ነበረን። ቀትር ላይ ክፍላችን ውስጥ ስንቃጠል ሽንት ብለን እናስፈቅድና እሱ ዘንድ ሄደን ወለሉ ላይ እንተኛ ነበር። በመጥረጊያ ያባርረናል፤ እንመለሳለን። እዚያ ቀዝቃዛ ነው። ለምን እንደሆነ እንጃ።»

«ጣራው ሥር ቀዳዳ አለ?»

«አለ። ርግብ ይገባበት ነበር።»

ጋሽ ስለሺ ቆባቸውን አወለቁ። የኬላው ንፋስ ሽበታቸውን ያነሣዋል፣ ይጥለዋል። ጸሐይወርቅ በመስኮት እያየች፣ አሁን ያሳልፈናል ብላ ትንፋሿን ያዘች።

መኮንኑ ወረቀቱን መልሶ ሰጣቸው። «ያላ፣ ያ ሐጅ» አለ ዝግ ብሎ። «ተመለሱ።»

ተመለሱ። መኪናው ውስጥ የሚሰማው የጀሪካኖቹ መንገጫገጭ ብቻ ነበር። ሐምዲያ በሻሿ ፊቷን ሸፍና «አሁንስ ጥርሴን እውነትም አመመኝ» አለች፤ የሣቀላት የለም። ጸሐይወርቅ ግንባሯን መስተዋቱ ላይ አስደግፋ ለንስሐ አባቷ የምትናገረውን ታዘጋጅ ነበር። ዘንድሮ በጋሽ ስለሺ ምክንያት ተስፋ አልቆረጠችም። ዘንድሮ በራሷ ምክንያት ነው። ለፋሲካ የቀረው አራት ወር ተኩል ነው፤ ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ የዕረፍት ቀን፣ ሌላ ነዳጅ እስኪገኝ ያቺ የዓይናቸው የቧንቧ ቀዳዳ ትዘጋለች። ሁለተኛ አልመዘገብም፣ እመብርሃን ትስማኝ፣ አለች።

ጉልበቷ ላይ አንድ ነገር ተቀመጠ። ደብተሩ ነው። ጋሽ ስለሺ አጠገቧ ተዛውረዋል።

«ጻፊልኝ» አሉ። «ወድ መደኒ፣ ቀዳዳው አለ፣ በይ።»

ጻፈች።

«አሁን አዲስ ገጽ ግለጪ።»

«የምን ገጽ?»

«የከርሞ።»

«ጋሽ ስለሺ» አለች ጸሐይወርቅ። «ከርሞ እኮ...»

«ከርሞ አላይም። አውቃለሁ።» ወደ እሷ ሳይሆን ወደ መንገዱ ነበር ፊታቸው። «ንፋስ በዓይን ነው እንዴ የሚታየው፣ አንቺ? ዘበኛውን አስፈቅዶ ወለሉ ላይ ጋደም ማለት ነው። ሰናር እጋደማለሁ፣ ገዳረፍ እጋደማለሁ። እናንተ ደግሞ ሕንፃውን እዩ፤ አንድ ሰው ሕንፃውንም ማየት አለበት።»

ጸሐይወርቅ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና እስክሪብቶውን ያዘች። ኅዳር ሃያ አንድ ብላ ጻፈች። ከጎኑ ኖቬምበር ሠላሳ ብላ ጻፈች፤ ሁለቴ አሠመረችበት። ከሥሩ አንድ ስም ጻፈች።

«ማንን ጻፍሽ?»

«ራሴን።»

«መልካም። ቀድሞ የተመዘገበ የኮሚቴው ጸሐፊ ይሆናል። ዓርብ ስብሰባ አለ፤ የዐሥራ አንድ ሰዎች ፍራሽ እንዴት እንደሚጫን እንወያያለን።»

ከፊት ከቢር መሪውን እንደያዘ በረጅሙ ተነፈሰ።

«እኔን ሁለተኛ ጻፊኝ፣ እቴ ጸሐይ» አለ። «ስብሰባው ላይ ግን አልመጣም።»