ዋሽንት ሲገባ

ሦስት ሰው ፊልም ሊያይ ከተቀመጠ አንዱ ቀድሞ ነጋሪ ነው። ከአገር ውጭ ባለችው ሰፈራችን፣ ሙኑኪ ላይ፣ ይህን ማዕረግ የያዙት የጄኔሬተር ጠጋኙ ክቡር አቶ ሽመክት ናቸው። አንቱታው እዚህ ይብቃንና፣ ሽመክት የሞተር ሕመም በጆሮው እንደሚለይ ሁሉ ፊልምም የሚያየው በጆሮው ነው።

እሑድ ከሰዓት ሮማነወርቅ ምግብ ቤቷ ውስጥ ከአዲስ አበባ በፍላሽ የመጣ ፊልም ታሳያለች። ገና ከበሮው ዱብ ዱብ ሲል ሽመክት፣ "በሩን አትክፈቺው፣ ሌባ አለ!" ይላል። ኪቦርዱ ፈጠን ፈጠን ካለ ደግሞ፣ "ኮሜዲ ነው፤ ማንም አይጎዳም፣ ብሉ" ብሎ ቤቱን ያረጋጋል። ዋሽንት ከተሰማ ግን አለቀ።

"ዋሽንት ገባ! እናትየዋ ልትሞት ነው።"

እናትየዋ ሽንኩርት እየከተፈች ትስቃለች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ትሞታለች።

አንድ እሑድ ሮማነወርቅ አፉን ልታስይዘው የፊልሙን ድምፅ ዘጋችው። ያለ ዋሽንት ደረቱን የሚደቃው ልጅ ትንኝ የሚያባርር መሰለ፤ ለቅሶው ሳቅ በሳቅ ሆነ። ለስድስት ሰው ክትፎ የሚያዘው ነጋዴው ረታ ተነሳ።

"ኸላስ፣ በቃ! ወይ እሱ ወይ እኛ።"

ሮማነወርቅ ጨነቃት። ረታ ከቀረ እሑዷ ባዶ ነው። ሰኞ ሽመክት ጄኔሬተሯን ሊጠግን ሲመጣ አጠገቡ ቆመች።

"ሽሜ፣ ሰው ጊዜው ሲደርስ ቢያለቅስ ምናለበት? ለምን ታስቀድምበታለህ?"

እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"እናቴ ስትሞት ሰባት ወር ደበቁኝ፣ እትዬ። ስደውል 'ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች' ይሉኛል። ጫማ ሁሉ ልኬላታለሁ። በሰው አገር ብቻውን መርዶ አይስማ ብለው ነው፤ አልፈርድባቸውም። ግን ፊልም እንኳን ዋሽንት አለው። ለእኔ ማን ነፋልኝ?"

ሮማነወርቅ ራሷም መርዶ ለተደበቀው ለስንቱ "ደህና ናቸው" ብላለች።

"ግድ የለም፣ ዝም እላለሁ" አላት።

በሳምንቱ ረታ ስድስቱን ይዞ መጣ። ሽመክት ጥግ ላይ ከንፈሩን ገጥሞ ተቀመጠ። ዋሽንቱ ገባ። ስክሪኑ ላይ አንዲት እናት ልብስ እያሰጣች ታንጎራጉራለች። ሮማነወርቅ የሽመክትን ድምፅ ጠበቀች፤ አልቻለችም።

"ሽመክት!" አለች ከማዕድ ቤቱ በር። "ምን ገባ?"

ቀና ብሎ አያት።

"ዋሽንት፣ እትዬ።"

"ሰምታችኋል" አለችና ሶፍት ማደል ጀመረች፣ መጀመሪያ ለረታ ጠረጴዛ።