ልጄን ሊይዙ የመጡት ሽማግሌዎች

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ዝናቡ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ሰማይ ሲዘንብ አየሁ። የኮምቦልቻ ሰው ሁሉ ጃንጥላውን ገልብጦ ከእግሩ ሥር እየጎተተ ይሄዳል። እኔ ውኃው ከጫማዬ ተነሥቶ በቀሚሴ ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ፣ ቀሚሴን በሁለት እጄ ጨብጬ «ጎርፍ ቢሆን ኖሮ ይዞኝ ይሄድ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ» እያልኩ አለፍኩ። ሁልጊዜም እንዲህ ነኝ። የሆነውን አይቼ ሳይሆን ሊሆን ይችል የነበረውን አስቤ ነው የማመሰግነው።

የምሄደው ወደ ቀበሌ ነበር። ስደርስ ጸሐፊዎቹ ከደጅ ተሰልፈዋል፤ እኛ ነዋሪዎቹ ከውስጥ ወንበር ይዘን ተቀምጠናል። ማኅተም ያዡ ተራው ደርሶ አንገቱን ደፍቶ ገባ።

«እትዬ ዘሐራ፣ እባክዎ መታወቂያዎን ላድስልዎ።»

«ሦስት ፎቶ ይዘሃል?»

«የማን ፎቶ?»

«የራስህ ነዋ!»

«ሁለት ብቻ ነው ያለኝ።»

«ነገ ተመለስ» አልኩት። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልኩት ነገር ስለሆነ ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ቂም ቢይዝብኝስ ብዬ ፈራሁና መልሼ ጠርቼ ሦስተኛውን ፎቶ ማርኩት። እሱም በደስታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ምን እዚህ ያስቀምጥዎታል? ልጅዎን ሊይዙ ሽማግሌዎች ቤትዎ ገብተዋል» አለኝ።

እዚህ ላይ ስለ ልጄ ካልነገርኩ ሕልሙ አይገባም። ሉባባ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ከቴክኒክና ሙያ ከተመረቀች ወዲህ በጋሽ እንድሪስ ቶርኖ ቤት ብረት ትቀርጻለች። ቶርኖው ብረቱን ነክሶ ይዞ ያሽከረክረዋል፤ የሚነክሰውን ክፍል ቻክ ይሉታል። መንጋጋዎች አሉት፤ በቁልፍ ይጠብቃል፣ በቁልፍ ይላላል። ቁልፉን ከቻኩ ሳይነቅሉ ማሽኑን ካስነሡት ቁልፉ ተወርውሮ ራስ ይፈነክታል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እሷ ናት። ነግራኝም በራሷ ላይ ሥራ አበዛች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ስትገባ ከሰላምታ በፊት ራሷን ነው የምዳብሰው።

እስካሁን የምትሠራው በትንሹ ማሽን ነበር። በዚህ ሳምንት ጋሽ እንድሪስ ትልቁን ለብቻዋ ሊሰጧት አሰቡና፣ «እናትሽ ሳትፈቅድ አላደርገውም። ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት መልሷን ይዘሽ ነይ፤ ካልሆነ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አሏት። ቅዳሜ ማለት ዛሬ ነው። እኔም መልሴን ይዤ ነው የተኛሁት፤ እምቢ ልል። አባቷን መኪና ተገልብጦበት ቀብሬዋለሁ። ያ ትልቅ ማሽን ደግሞ ሻርፗን ቢስበውስ? ብረቱ ከመንጋጋው ቢያመልጥስ? ሌላ ልጅ የለኝም።

ወደ ሕልሜ ልመለስ። ቤቴ ስደርስ በሩ ጣሪያው ላይ ነበር። በመሰላል ወጥቼ ወደ ውስጥ ወረድኩ። ሽማግሌዎቹ ነጭ ጥምጥም ጠምጥመው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ፍራሹ ላይ ተደርድረዋል። ፊታቸው ክብ፣ ብረት፣ በዘይት የወዛ። በዚያ አገር ምሳ የሚያቀርበው እንግዳ ነውና ገና ከመቀመጤ ሩዝ በትሪ አድርገው አቀረቡልኝ። «በሞቴ ብይ» እያሉም አጎረሱኝ። መርዝ ይሆን እንዴ ብዬ ነበር፤ አልነበረም፤ እንዲያውም ጨው እንኳ አልበዛበትም። አመሰገንኩ።

መጀመሪያ የተናገረው ሦስት መንጋጋ ያለው ወፍራሙ ነው።

«እመት ዘሐራ፣ የመጣነው ልጅሽን ለመያዝ ነው።»

«እንዴት አድርገህ ነው የምትይዛት?»

«እኔ ዘንድ ክርክር የለም። ቁልፌን አንዴ ካዞሩት ሦስቱም መንጋጋዬ እኩል ይገጥማል። ልጅሽ መሃል ላይ ነች፤ አለቀ።»

«ጠማማ ብትሆንስ?»

«ጠማማ አልይዝም።»

«የእኔ ልጅ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ጠመም ትላለች።»

«እንግዲያው ከሰዓት በኋላ እይዛታለሁ።»

ከጎኑ የተቀመጠው ባለ አራት መንጋጋ ነበር። እሱ አንድ አካል ይሁን እንጂ አራት አፍ አለው፤ እያንዳንዱ መንጋጋ ለብቻው ይሄዳል፣ ለብቻውም ይናገራል።

«እኛ ጠማማም እንይዛለን» አለ አንደኛው።

«ማዕዘን ያለውንም» አለ ሁለተኛው።

«ትንሽ ወደ አንተ ሳባት» አለ ሦስተኛው።

«ገና መቼ ሰጠችንና ነው የምስባት?» አለ አራተኛው።

«ይዛችሁ እስክታስተካክሏት ስንት ሰዓት ይፈጅባችኋል?» አልኳቸው።

«እስክንስማማ።»

«መቼ ነው ተስማምታችሁ የምታውቁት?»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። «አንድ ጊዜ፣ በዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት» አለ የመጀመሪያው። ባይዋሹኝ ደስ አለኝና አመሰገንኳቸው።

በመጨረሻ ሁለት ቀጫጭን፣ ጫፋቸው የሾለ ሽማግሌዎች ከግራና ከቀኝ ተነሡ። መንታ ይመስላሉ።

«እኛ አንነክስም» አለ የቀኙ። «እኔ ከራሷ በኩል ደገፍ አደርጋታለሁ።»

«እኔ ከተረከዟ» አለ የግራው።

«መሃሏንስ?»

«መሃሏ የራሷ ነው።»

«ልቧ ያለው መሃሏ ላይ እኮ ነው! እሱን ማን ይይዘዋል?»

ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። «እመት ዘሐራ፣ ልብ ለመያዝ የተላከ ሽማግሌ የለም» አለ የቀኙ።

ይኼኔ ብድግ አልኩ። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ደክማችሁ መጥታችኋል። ልጄን ግን ለማንም አልሰጥም። ራሴ እይዛታለሁ» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ጥምጥማቸው እስኪፈታ ድረስ ሳቁ።

«በምን?» አሉኝ።

«በእጄ!»

«በእጄ» ያልኩት ገና ከአፌ ሳይወጣ ቶርኖ ቤቱ ውስጥ ነኝ። ሁሉ ነገር ተገልብጧል። ሰማያዊ ቱታ ለብሰው ማሽኑ አጠገብ የቆሙት ብረቶች ናቸው፤ ሰዎቹ ሊቀረጹ ጥግ ላይ ተደግፈው ተራ ይጠብቃሉ። የቀበሌያችን ማኅተም ያዥም ሁለት ፎቶውን ይዞ ከነሱ መሃል ቆሟል። ግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ደግሞ የብረቶቹ እናቶች ተቀምጠዋል፤ ክሊኒክ ውስጥ የሚጠብቁ ይመስላሉ። አንዲት ወፍራም፣ በትንሹ የዛገች ብረት ጠጋ አለችልኝ።

«ልጅሽን የሚቀርጻት የእኔ ልጅ ነው» አለችኝ። «ዛሬ የመጀመሪያ ቀኑ ነው። ልጅሽ ከመንጋጋው አምልጣ ብትወድቅበትስ እያልኩ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።»

«የእኔ ልጅ ማንም ላይ አትወድቅም!»

«አይ እህቴ፣ እሱን የማትል እናት የለችም።»

እንዴት እንዳዘንኩላት! ልጇ ሎጋ፣ ገና ያልደረቀ ቀለም ያለው ዘንግ ነበር፤ ወደ እሷ እያየ ፈገግ ይላል። «አይዞሽ፣ አጥብቄ እይዛታለሁ» አልኳት። ያልኩትንም አደረግኩ። የቀኝ እጄ አምስቱም ጣቶች ረዘሙ፣ አበጡ፣ ብረት ሆኑ። ክርኔ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ ቁልፍ ተሰክቶበታል። ሉባባን መሃል አስገባኋትና በግራ እጄ ቁልፉን አዞርኩ።

«በቃኝ እማ» አለች።

«ትንሽ ብቻ።»

«ተይዣለሁ እኮ።»

«ትንሽ ብቻ፣ ልጄ። ከዚህች በኋላ አልጨምርም።»

ጨመርኩ። በጨመርኩ ቁጥር ሉባባ እየሳሳች ሄደች፤ ሄዳ ሄዳ ቀጭን ቱቦ ሆነች። ያኔ አንዲት መነጽር ያደረገች ዶሮ የብረት ውፍረት መለኪያ ካሊፐሯን በክንፏ ሥር ሸጉጣ መጣች። የዚያ አገር ተቆጣጣሪ እሷ ናት። ልጄን በግራ ለካቻት፣ በቀኝ ለካቻት።

«ክብ ናት። እንከን የላትም» አለች።

«አልሐምዱሊላህ!»

«በይ አሁን ልቀቂያት።»

«ለምን ብዬ? እንከን የላትም አልሽኝ አይደል?»

«ተይዞ ሳለ ክብ ያልሆነ የለም» አለች ዶሮዋ ላባዋን እያራገፈች። «የሚታየው ሲለቀቅ ነው።»

ይህን ነገር አውቀዋለሁ። ሐሙስ ዕለት ሉባባ አኩርፋ ገብታ ነበር፤ ቀጭን ቱቦ እንዳያመልጣት ፈርታ ቻኩን ከልክ በላይ አጠበቀችው። ማሽኑ ላይ እያለ ውብ ክብ ሆነላት፤ መንጋጋውን ስታላላው መንጋጋው የነካው ቦታ ሁሉ ጎድጉዶ፣ ቱቦው ከቅርጹ ወጥቶ ተገኘ። ጋሽ እንድሪስ አልተቆጧትም። «ፈርተሽ ነው ያጠበቅሽው። እኔም ስንቱን ቱቦ በፍርሃት አበላሽቻለሁ» ብለው በቀጭን የነሐስ ቆርቆሮ ጠቅልላ፣ ለስለስ አድርጋ እንድትይዘው አሳዩዋት። ሐሙስ ማታ ይህን ስትነግረኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ «አሃ» ብዬ አልፌው ነበር።

ቁልፉን ትንሽ መለስ አደረግኩት። የልጄ ገላ ላይ አምስት ጉድጓድ ታየኝ።

«መልሼ ላጥብቃት! ካጠበቅኳት ክብ ትሆናለች!» ብዬ ጮኽኩ።

ዶሮዋ አንገቷን ነቀነቀች። «ባለ አምስት መንጋጋ ዛሬ ገና አየሁ» አለችና ደብተሯ ላይ ጻፈች። ያቺ የዛገች ብረት ከአግዳሚው ተነሥታ፣ ከጉያዋ ቀጭን የነሐስ ቆርቆሮ አውጥታ ዘረጋችልኝ።

«እንኪ። እኔም ልጄን የምይዘው በዚህ ነው። እሱም አልወደቀ፣ እኔም አልነከስኩት።»

«ለአንቺስ?»

«የእኔ ዛሬ ሥራ ገባልኝ፤ ምን ያደርግልኛል?»

ላመሰግናት አፌን ስከፍት ደወል ተደወለ። ያ ሎጋ ዘንግ እጁን ወደ ማስነሻው ዘረጋ። ብረቱም፣ ሰዉም፣ ሽማግሌዎቹም ጥምጥማቸውን ይዘው በአንድ ድምፅ ጮኹ፦

«ቁልፉን ንቀይ! ዘሐራ፣ ቁልፉን!»

ቁልፉ ክርኔ ላይ ነው። ግራ እጄ አልነቅልም አለ፤ ቀኝ እጄ አልለቅም አለ።

«ከለቀቅኳት ትወድቃለች!»

«እማ» አለች ሉባባ፣ ምንም ሳትደነግጥ። «እማ፣ እጅሽን።»

ማሽኑ አጓራ።

«እማ፣ እጅሽን ላላ አድርጊው። ሰዓት ደረሰ።»

ነቃሁ። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ፊቴ ላይ ናት። ሉባባ ሰማያዊ ቱታዋን ለብሳ፣ ሻርፗን ወደ ኋላ አስራ ጫፉን አንገትጌዋ ውስጥ ሸጉጣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ቀኝ እጄ የግራ አንጓዋን ጨብጧል። በሌላው እጇ ስልክ ይዛለች፤ ድምፁ እስከ እኔ ይሰማል።

«ሁለት ሰዓት አለፈ እኮ፣ ምነው ቀረሽ?» ይላሉ ጋሽ እንድሪስ።

«መልሷን ልጠይቃት ስጠጋ በእንቅልፏ ያዘችኝ፣ ጋሼ። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ይዛኛለች። እንዳልቀሰቅሳት አሳዘነችኝ።»

ጋሽ እንድሪስ ሳቁ። «በባለ ሦስቱ ነው በባለ አራቱ?»

ሉባባ አንጓዋን አየች። «በባለ አምስቱ።»

«ኧረ! እሱማ በዋዛ አይላላም!»

ጣቶቼን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። አንጓዋ ላይ አምስት ጉድጓድ ተቀምጧል። ቀርቤ አየሁት፤ ደሙ እየተመለሰ ቀስ በቀስ ሞላ። ሥጋ ብረት አይደለም፤ አልሐምዱሊላህ።

«መጣች በያቸው» አልኩ።

«ምን አልሽ፣ እማ?»

«መጣች በያቸው አልኩሽ! አትሄጂም እንዴ? ትልቁ ማሽን እየጠበቀሽ!»

ግንባሬን ሳመችኝና ሮጠች። በሩን ስትከፍት እጇን አየሁት፤ አራቱ ጠፍተዋል፣ የአውራ ጣቴ ግን ገና ነበር።