ጃርትና ጦጣ በሐይቁ ሆድ ውስጥ

ድሮ ድሮ፣ ወፍና ዓሣ በሚመካከሩበት ዘመን፣ አዳኝ የበዛባቸው እንስሳት ወደ ደሴት በስውር የሚሻገሩበት፣ ውኃ ውስጥ ጠልቆ የሚሄድ መርከብ ሠሩ። አለቃው አያ ጅቦ ነበር። ሕጉም አንድ ነበር፤ በመርከቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ሁሉ ያላወቀ የክብር ላባ አይሰካም።

እመት ጦጢት ላባውን በገባች በወሯ ሰካች። የእያንዳንዱን ቧንቧና መዝጊያ ስምና ቦታ በቃሏ ትወጣዋለች። ጃርት ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ከውኃ ማስወጫው ፓምፕ ሥር አልተነሣም። ድምፁን ሰምቶ ብቻ ሕመሙን ያውቃል። ሌላውንም ተማር ሲሉት እሾሁን አቁሞ፣ ሁለት ያባረረ አንድ አይዝም ይላቸዋል። በየፈተናው ይወድቃል፤ ውስጡ ቢያርም ለማንም አያሳይም።

አንድ ቀን ጃርት ፓምፑን ለጦጢት አደራ ብሎ ምሳውን ሊበላ ወደ ኋላ ክፍል ሄደ። አፍታም ሳይቆይ መርከቡ ከቋጥኝ ተላተመ። የኋላው ቧንቧ ፈንድቶ ውኃው ተንዶለዶለ። አያ ጅቦ ደንግጦ ውኃው ወደ ፊት እንዳያልፍ የመካከሉን የብረት በር ጠረቀመው። ጃርት ብቻውን ቀረ። ውኃው ሆዱ ጋ ደረሰ። የቧንቧው መዝጊያ የት እንዳለ አያውቅም፤ ሦስት ዓመት በኖረበት መርከብ እንደ እንግዳ ዓይኑ ተንከራተተ። ከበሩ ማዶም ጦጢት ፓምፑን ብትስበው ብትገፋው እንቢ አላት።

ጃርት ኩራቱን ዋጠና አፉን ከበሩ ለጥፎ ጮኸ።

«እመት ጦጢት፣ መዝጊያው የት ነው?»

«ከራስህ በላይ፣ በግራ በኩል። ወደ ቀኝ አዙረው። ይሄ ፓምፕስ ምን ሆኖ ነው?»

«አየር ይዞት ነው። ክዳኑን ላላ አድርጊው፤ ፉጨቱ ሲያልቅ ሳቢው።»

ቧንቧው ተዘጋ፤ ፓምፑም ውኃውን ይተፋ ጀመር። ሁሉም በሕይወት ወጡ።

በማግስቱ ጉባኤ ተጠራ። ጃርትና ጦጢት አንድ ሆነው፣ ሁሉም ሁሉን ይወቅ፣ እያንዳንዱም አንዱን ጠልቆ ይወቅ ብለው ለመኑ። ጉባኤው ይህ አድካሚ ነው አለ። ሦስት ቀን ተከራክሮም፣ ያዳነን ጩኸት ነውና ድምፅ በደንብ እንዲያልፍ የብረቱ በር ይበሳ ሲል ወሰነ። ተጨበጨበ።

ጃርት ጓዙን ጠቅልሎ ወረደ። ጦጢት ወዴት እንደሚሄድ ብትጠይቀው ዘወር አለና፣

«መማር ቢከብዳቸው በር መብሳት ቀለላቸው» አላት። «እኔ ዋና ልለምድ ነው።»