የአያ ደምሌ ቀብርና የእኔ ሦስት ሰዓት

እኛ ከሰዓት ጋር ያለን ነገር ሁሌም ያስቀኛል። ጎንደር ወርዳችሁ የአውሮፕላን ትኬት ብትቆርጡ ወረቀቱ ዘጠኝ ሲል እናንተ ሦስት ብላችሁ ታነባላችሁ፤ ስልካችሁ አሥራ አንድ ሲል ለጎረቤት አምስት ሰዓት ነው ትላላችሁ፤ እንዲህ ስድስት ስንቀንስና ስንደምር አርጅተን፣ ማንም ምን ነካን ብሎ አያውቅም። የሌላ አገር ሰው የግድግዳውና የእጁ ሰዓት አልገጥም ቢሉት ደንግጦ አንዱን ያሠራዋል። እኛን ግን የማይገጥም ሰዓት አያስደነግጠንም። ለምደነዋላ! ይህ ልማድ ነው እኔን አንድ ደግ ሰው ያስበደለኝ።

ደባርቅ ውስጥ ኮምፒዩተር እጠግናለሁ፤ ፕሮግራምም እጽፋለሁ ብዬ እመጻደቃለሁ። የሰፈራችን እድር ጡሩምባ ነፊ አያ ደምሌ ነበሩ። ሰው ሲሞት፣ መርዶ በጨለማ አይነገርምና ንጋትን ጠብቀው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ውርጩን እየረገጡ በየመንደሩ ይዞራሉ፤ "እገሌ አርፏልና ለቀብር ውጡ!" ይላሉ። ጉልበታቸው ሲደክም የእድሩ ሰዎች እኔን ጠሩኝ፤ ስልክ ያልያዘ የለም፣ መልእክት የሚልክ ነገር ሥራልን አሉ። ሠራሁ። ጸሐፊው ማታ የሟቹን ስም ይጽፋል፤ ማሽኑ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ለአባላቱ ሁሉ ይልካል። አያ ደምሌ አልተቆጡም። መዳፍ የምታክለውን ማሽን አገላብጠው አዩና፣ "ልጄ፣ እኔ ስሞት ሰው የምትጠሩልኝ በዚህች ነው?" አሉኝ።

"ምነው አያ ደምሌ፣ ገና ነዎት እኮ!"

"ኧረ ተወኝ። ሰው ይመጣልኛል ወይ ነው የምልህ።"

"ዳባት ያለው ሳይቀር ይመጣልዎታል" አልኩ፣ አፌን ሞልቼ።

አሁን ትንሽ ታገሡኝ። ሲ በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ሰዓት ስንት እንደሆነ በራሱ አያውቅም፤ የማሽኑን እምብርት መጠየቅ አለበት። ጥያቄውን አድርሶ፣ መልሱንም ወደየአገሩ ሰዓት ተርጉሞ የሚያመጣለት ላይብረሪ የሚሉት መልእክተኛ አለ። የእኔ ላፕቶፕ የያዘው ትልቁን ዓይነት ነው፤ የእኛን አገር ሰዓት አሳምሮ ያውቃል። ትንሿ ማሽን ላይ ያለው ግን ቦታ እንዳይፈጅ የተሠራ ሌላ ዓይነት ነው፤ የአገሮቹ የሰዓት ሰንጠረዥ አብሮት አልተጫነም። ሲጠፋበት ዝም ብሎ የግሪንዊችን ሰዓት ይመልሳል፤ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ። ጠፋኝ እንኳ አይልም። እኔ ላፕቶፑ ላይ ሳምንት ሙሉ ፈትሼ፣ ደስ ሲለኝ ማሽኗን እድሩ ቤት ተከልኳት። የዚያን ዕለት ጠዋት የእጄ ሰዓት ሦስት ይላል፤ እሷ ስድስት ትላለች። አለመግጠማቸውን አይቻለሁ። የፈረንጅ አቆጣጠር ነው ብዬ አለፍኩ። ዘጠኝ ማለት ነበረባት እኮ! ስድስት መቀነስ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ አልቀነስኩም።

ክረምት ገባ፤ በመጀመሪያ የሞቱት አያ ደምሌ ሆኑ። ምን ልበላችሁ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ስለማያስቆም ቀብሩ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተባለ፤ ጸሐፊው ማታውኑ ጽፎ ተኛ። ጠዋት ብንሰበሰብ ቄሶቹ፣ ሚስታቸው እቴ የሺ፣ ጸሐፊውና እኔ፣ ለቅሶውን የሰሙ ጥቂት የግድግዳ ጎረቤቶችም ነን። የራሳችን ስልክ አለመጮኹን ማናችንም ልብ ሳንል፣ መንገድ ላይ ናቸው፣ ይመጣሉ እንባባላለን። ሰማዩ ጠቆረ፤ ቄሶቹም ከዚህ በላይ አይጠበቅም አሉ። ያን ሁሉ ዕድሜ ሰው ለሰው ሲጠሩ የኖሩትን ሰው ቃሬዛ ተሸካሚ አጥተን እየተለዋወጥን ወሰድናቸው። አፈር ሲመለስባቸው የሁላችንም ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ። "አያ ደምሌ አርፈዋልና ዛሬ ሁለት ሰዓት ለቀብር ይውጡ" ይላል። ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ከተማው ነቅሎ መጣ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የሚሮጡ ሴቶች፣ ጠመኔ ከእጁ ያልለቀቀ መምህር፣ ከዳባትም አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው። የተደለደለውን አፈር ሲያዩ ቆሙ። እቴ የሺ ቀና ብለው አዩዋቸው። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም፤ እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት።

በሠልስቱ ለኮሚቴው ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ማሽኗን ልወርውራት አልኩ። "አሁን ተስተካክላለች?" አሉኝ። አዎ፣ አንዲት መስመር ናት የጎደለቻት አልኩ። "እንግዲያ ምን አስወረወረህ?" አሉና ወደ ሌላ ጨዋታ ገቡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እቴ የሺ ስልክ የላቸውም፤ አልፈልግም ብለዋል። ስለዚህ ሰው ሲሞት ንጋት ላይ እኔ ሄጄ ከደጃቸው እጠራቸዋለሁ። ነጠላቸውን እያጣፉ ይወጣሉ። ማን ሞተ ብለው አይጠይቁኝም፤ "ልጄ፣ ሰዉ ሁሉ ሰምቷል?" ነው የሚሉት። ሰምቷል እላቸዋለሁ። እሺ ይሉና፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ በመንገዳችን ያለውን በር ሁሉ እያንኳኩ ይሄዳሉ።