አያፈስም፣ ያልበዋል

ባለሙያ የማይጠራ ባል የሌለበት ሰፈር የለም። ቧንቧ ቢፈነዳ፣ መብራት ቢጠፋ፣ በር ቢጣበቅ፣ እሱ በሕይወት እያለ የሰው እጅ እቤቱ አይገባም። መለየቱ ቀላል ነው፤ ካቻቢቴውን ከእስክሪብቶው ጋር በሸሚዝ ኪሱ ይሰካል፣ ከመጀመሩ በፊት ረጅም ሰዓት ዝም ብሎ ያያል፣ ከጨረሰ በኋላ ደግሞ «ማንም እንዳይነካው» ብሎ ያስጠነቅቃል።

የዚህ ቤቱ «ክቡር መሐንዲስ» ይባላል። መሐንዲስ አይደለም። የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፋይል ከመደርደሪያ ሲያወርድና ሲመልስ ኖሯል። ማዕረጉን የሰጠችው ሚስቱ ናት፣ የበሩን ደወል በጠገነ ማግስት። ስትናደድም አንቱ ትለዋለች። ማዕረግ ያለውን ሰው አንተ ማለት ነውር ስለሆነ እዚህም አንቱ እየተባሉ ይቀጥላሉ።

ያ ደወል ከተጠገነ ወዲህ የሚጮኸው ሰው ሲጫነው ሳይሆን የመታጠቢያ ቤቱ መብራት ሲበራ ነው። እንግዳ ደጅ ቆሞ ይቀራል፤ ቤተሰቡ ግን ማን መቼ መታጠቢያ ቤት እንደገባ አንድም አያመልጠውም። «ይሄማ ተጨማሪ አገልግሎት ነው» ብለዋል ክቡርነታቸው።

ክቡር መሐንዲስ አንድ ዕቃ ፈተው ሲገጥሙ ሁልጊዜ የሚተርፍ ነገር አለ። ለዚህ ሲባል ማቀዝቀዣው አናት ላይ አንድ የማርማላታ ጠርሙስ ተቀምጧል። ብሎኑም፣ ቀለበቱም፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቀው ሽቦም እዚያ ይገባል። «ፋብሪካው አትርፎ ነው የሚልከው» ይላሉ፣ ጠርሙሱን እንደ ሽልማት ዋንጫ እያዩ።

ከሁለት ወር በፊት የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ ድምፅ አበዛ ብለው ፈቱት። ድምፁ እንዳለ ቀረ። ከማሽኑ ሥር ግን ውሃ መታየት ጀመረ፤ መጀመሪያ ማንኪያ የማይሞላ፣ ኋላ ስኒ የሚሞላ። ሚስትየዋ በካልሲዋ ረገጠችው።

«ክቡር መሐንዲስ፣ ማሽንዎ ያፈሳል።»

አጎነበሱ። በጣታቸው ነኩት፣ አሸተቱት።

«አያፈስም፣ ያልበዋል።»

«ማሽኑን?»

«ከውስጥ ሙቅ ውሃ፣ ከሥሩ ቀዝቃዛ ወለል። ያልበዋላ! የሚሠራ ነገር ሁሉ ያልበዋል።»

«እርስዎን ግን ሲያልብዎ አይቼ አላውቅም።»

ላብ ሊያደርቁለት የአየር ማራገቢያ ፊት ለፊቱ ተከሉ። ማሽኑ ታጥቦ እንደወጣ ሰው ነፋስ ሲቀበል ሰነበተ፣ ውሃው ግን አልቀረም። ከዚያ ውሃው በሚወጣበት በኩል ሲሊኮን ለደፉ፤ ውሃው ዞሮ በጎን ወጣ። ከዚያ «ሥራ በዝቶበት ነው» ብለው ከግማሽ በላይ ዕቃ እንዳይጫንበት አዘዙ። ቤተሰቡ በተራ በላ።

ይህ ሁሉ መሳቂያ ሆኖ ያልፍ ነበር፣ የሚስትየዋ እናት ባይኖሩ። እናትየው ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ሁለት ወር ተኝተዋል፤ ቅዳሜ ይወጣሉ፣ የሚያርፉትም እነሱ ቤት ነው። ከሚተኙበት ክፍል ወደ መታጠቢያ ቤት የሚያሳልፈው መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ በወጥ ቤቱ ወለል፣ በማሽኑ ፊት። ሐኪሙ ነገሩን አላድበሰበሰም፦ «አንዴ ደግመው ከወደቁ፣ መራመዳቸውን እርሱት።»

ሚስትየዋ ለክቡርነታቸው ሳትነግር ባለሙያ ጠራች። ሐሙስ ሲጠበቅ ዋለና ሳይመጣ ቀረ። ማታ ስልክ ብትመታለት ሰውዬው ተቆጣ።

«መጥቼ ነበር እኮ! ሩብ ሰዓት ሙሉ ደወል ስጫን ማን ከፈተልኝ?»

ስልኩን ዘጋችና የመታጠቢያ ቤቱን በር በጥላቻ አየችው።

እሷ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ዓርብ ፈቃድ ወሰደች። «ላብማ ከሆነ» አለች ለራሷ፣ «ላቦራቶሪ ነው የሚያየው።» ከማሽኑ በር ሥር ያለውን ክዳን ፈታች፣ ወለሉን አደረቀች፣ ነጭ የወረቀት ፎጣ ቆራርጣ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ጻፈችበትና ከሥር አነጠፈችው። ማሽኑን አስነሥታ፣ ባትሪ ይዛ በሆዷ ተኛች።

ሃያ ደቂቃ ምንም የለም። ማሽኑ ዕቃ የታጠበበትን ውሃ መግፋት ሲጀምር አራት ቁጥር ላይ አንዲት ጠብታ አረፈች። ከዚያ ሌላ። ባትሪውን ወደ ላይ ብታበራ የውሃ ማስወገጃው ቱቦ ከፓምፑ የሚጋጠምበት ቦታ በጥቁር ናስትሮ ሦስት ዙር ተጠምጥሟል። እዚያ ቦታ የብረት ማጥበቂያ ቀለበት ነበር መኖር ያለበት።

ተነሣች። ማቀዝቀዣው አናት ላይ ያለውን ጠርሙስ አየች።

ቀለበቱ እዚያው ነበር፣ «ፋብሪካው ያተረፈው»። ኤሌክትሪኩን ነቀለች፣ ውሃውን ዘጋች፣ ናስትሮውን ልጣ ቀለበቱን አጠበቀች። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ወረቀቱን ቀይራ ማሽኑን ሁለተኛ ብታዞረው ስድስቱም ደረቅ ሆኖ ወጣ።

ክቡር መሐንዲስ ማምሻውን ገብተው ወለሉን ዳሰሱ። «አላልኩሽም? ላቡን ጨረሰ።»

እሷ ያንን የናስትሮ ልጣጭ በፕላስቲክ ጠቅልላ ኪሷ ከትታለች። ነገ፣ እናቷ ፊት፣ ታወጣዋለች። አርባ ዓመት የሚወራ ውርደት ታጠጣቸዋለች።

ቅዳሜ እናትየው በመደገፊያቸው እየተራመዱ ገቡ። ክቡርነታቸው በር ላይ የቤት ጫማቸውን አወለቁ። አዲስ ነጭ ካልሲ አድርገዋል። ከአማታቸው ፊት ሆነው፣ ፊታቸውን ወደ እሳቸው አዙረው፣ የኋሊት መራመድ ጀመሩ። በየሁለት እርምጃው አንድ እግራቸውን ያነሡና የካልሲውን ሥር ገልብጠው ያያሉ።

«አንተ ልጅ፣ ጭፈራ ጀመርክ እንዴ?» አሉ እናትየው።

«መንገድ እያየሁልዎ ነው፣ እማማ። ቀስ ይበሉ።»

ሚስትየዋ ገባት። ላብ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ካልሲ ገልብጦ አያይም። ሁለት ወር ሙሉ ያውቅ ነበር። ተሸነፍኩ ማለቱን ሞት አድርጎት እንጂ፣ ይኸው አሁን ሌላው ሰው ከሚንሸራተት እኔ ልንሸራተት ብሎ ከፊት ቀድሟል። እዚህ ላይ አንቱታው አበቃ።

እናትየው ደርሰው አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። እሱ ነጭ እንደነበረ የቀረውን ካልሲውን አንድ ጊዜ አየና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

«ምነው፣ ምን ሆንክ?» አለች ሚስቱ።

«ምንም። ላብ ነው።»

እጇ ኪሷ ውስጥ ናስትሮውን ጨበጠው። እዚያው ተወችው።

«አዎ፣ አልቦሃል» አለችው። «ሂድ ታጠብ።»

ሄደ። ወዲያው ደወሉ ቤቱን አናጋው።

«ሰው መጣ፣ ክፈቱለት እንጂ» አሉ እናትየው።

«የለም እማዬ» አለች ልጃቸው፣ ዓይኗን እየጠረገች። «የኛው ሰው ነው።»