የሞተሬ ማርሚታና የቸኮለው እሺታዬ

የሞተር ሳይክል ድምፅ ይረብሻል የሚል ሰው፣ እመኑኝ፣ ሞተር ሳይክል የሌለው ሰው ነው። ያለውማ ሰፈሩን ሲያናውጥ ለራሱ ሙዚቃ ነው የሚሰማው። እኔ ይህን ያወቅሁት ሞተር ከገዛሁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት እንደ እናንተ መስኮት ከፍቼ የምራገም ጨዋ ሰው ነበርኩ።

ሞተሬ እንኳ አሮጌ ናት። ዳገት ስታይ ትንፋሽ ያጥራታል። አንድ ቀን መካኒክ ጋ ብወስዳት ማርሚታዋን ፈትቶ አወጣና፣ አፍኗት የነበረው ይሄ ነው አለኝ። (ማርሚታ ማለት ያ ከጭስ መውጫው ላይ ተገጥሞ ጩኸቱን የሚያፍነው ቆርቆሮ ነው።) ከዚያ ወዲያ ዳገቱን በደንብ መውጣቷን እንጃ... ድምፅዋ ግን ጎፋ ተነስቶ ብስራተ ገብርኤል ደርሶ ይመለስ ጀመር።

ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ዳቦ ጋጋሪዋ ደጋፊዬ ነበረች፤ ጠዋት የሚቀሰቅሳት ሰዓት ተበላሽቶባት በእኔ ሞተር ነው የምትነሳው። ዘበኛውም ሌባ ያባርርልናል ብሎ ተሟግቶልኛል። በወዲያኛው ወገን ደግሞ ከተማው ሳይደርስባቸው ጀምሮ እዚያው የሚያርሱት ኦቦ ገመቹ ነበሩ። ላማቸው በእኔ ምክንያት ወተት ነስታለች። መምሬ ኃይሌ እኔ ባለፍኩ ቁጥር ጸሎታቸውን ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። የእድራችን ዳኛ አቶ በላይነህ ደግሞ ጡረታ የወጡት ከምሳ በኋላ ለመተኛት ነበር፤ ይኸው አልተኙም።

ነገሩ እድር ስብሰባ ላይ ተነሳ። እኔም ብድግ ብዬ፣ ዘመኑ የነፃነት ነው፣ ሰው ሁሉ ያሻውን በሚናገርበት አገር የእኔ ሞተር ብቻ ለምን አፏን ትያዝ አልኩ። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። አቶ በላይነህ አላጨበጨቡም። "እንመካከርበታለን" ብቻ አሉ። እናንተዬ፣ ሽማግሌ "እንመካከርበታለን" ሲላችሁ ፍሩ። እኔ ግን ጭብጨባው ጆሮዬን ደፍኖት ስለነበር ረትቻለሁ ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

እዚህ ላይ እህቴን ዘነቡን ላስተዋውቃችሁ። ታናሼ ናት፤ አስተማሪ ናት፤ የምትኖረውም ከእኔ ጋር ነው። ጠዋት ጠዋት የታክሲ ግፊያ እየተጋፋች ትምህርት ቤቷ ትሄዳለች። እኔ ኋላዬ ላፈናጥጥሽ ስላት፣ በዚህ ጩኸት ታጅቤ ተማሪዎቼ ፊት አልደርስም ትላለች። ኩሩ ናት። ለትዳር የጠየቋትን አንድ ሁለት ሰዎችም በትህትና መልሳቸዋለች። ፍቼ ያለችው እናታችን ግን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ባገኘች ቁጥር አንድ መልእክት ናት የምትልክብኝ፤ ሳልሞት እህትህን ዳርልኝ። ይህ ነገር በእውነት ልቤን ይበላው ነበር። አባት የለንም፤ ታላቅ እኔ ነኝ። ከሞተሩ በቀር ምንም የማይሆንለት ታላቅ ነው እንዳልባል ፈራሁ።

እሑድ ጠዋት በር ተንኳኳ። ብከፍተው አቶ በላይነህ፣ መምሬ ኃይሌና ኦቦ ገመቹ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ተሰልፈዋል።

እንግዲህ ፍረዱኝ። እሑድ ጠዋት፣ ሦስት ሽማግሌ፣ ነጭ ጋቢ፣ መሃላቸው ቄስ! እኔ ቤት ደግሞ ያላገባች እህት አለች። እናንተ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ?

ግቡ አልኳቸው፤ ገቡ። ተቀመጡ አልኳቸው፤ አልተቀመጡም።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ አቶ በላይነህ።

ሮጬ ራዲዮውን ዘጋሁ፤ ከፒጃማዬ በላይ ኮት ደረብኩ። ጓዳ ብቅ ብዬም ዘነቡን ቀሚስ ቀይሪ አልኳት። ለምን ስትለኝ በዓይኔ ጠቀስኳትና ወጣሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ እናቴ ፍቼ ላይ እልል ስትል እስከዚህ የሰማኋት መሰለኝ።

አቶ በላይነህ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከሩቅ ጀመሩ። ጉርብትና ከዝምድና እንደሚበልጥ፣ ክፉና ደጉን አብረን እንዳሳለፍን፣ የሽማግሌ ፊት እንደማይመለስ... ደንቡስ ይታወቃል፤ የሴት ወገን ዘመድ አማክረን እንንገራችሁ ብሎ ሽማግሌውን ደጋግሞ ማመላለስ አለበት። እኔ ግን ይህች ዕድል በቀጠሮ ብታመልጠኝስ ብዬ ፈራሁ።

"አባቶቼ፣ አትድከሙ" አልኩ፤ "እሺ ብያለሁ።"

"ሳትሰማን?"

"የእናንተ ፊት ይበቃኛል።"

ተያዩ። አቶ በላይነህ እኔን ለማሳመን ወር ሙሉ እንመላለሳለን ብለው ነበር የመጡት። መምሬ ኃይሌ እንባ ቀረሽ ሆነው መስቀላቸውን አወጡና ቃሌን ባረኩት። ኦቦ ገመቹ ትከሻዬን ሳሙኝ። እኔም በዚሁ ብቆም ምን ነበረበት! ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ነውና ቀጠልኩ።

"እህቴ ከዛሬ ጀምሮ የእናንተ ልጅ ናት። ለሰርጉም ቀን እንቁረጥ።"

መጀመሪያ አፋቸውን የከፈቱት ኦቦ ገመቹ ናቸው።

"የምን ሰርግ? እኛ የመጣነው ማርሚታውን መልስልን ለማለት ነው።"

ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። እንደምንም ብዬ፣ እንግዲያማ ነገሩ ሌላ ነው፣ ስለ ማርሚታው አስቤበት እነግራችኋለሁ አልኩ። አቶ በላይነህ ግን ጡረታ ይውጡ እንጂ ሕግ ያውቃሉ። እሺ ብለሃል፣ ቃልህም በመስቀል ተባርኳል አሉኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! አንድ ሙሉ እድር ያልረታኝን ክርክር በገዛ አፌ ተረታሁ።

ዞር ስል ዘነቡ የጓዳው በር ላይ ቆማለች። ቀሚሷን አልቀየረችም። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

"ወንድም ጋሼ፣ ለማርሚታው እንኳ ሦስት ሽማግሌ ቆሞ ለምኖሃል። እኔን ማን ጠየቀኝ?"

አንባቢዎቼ፣ ቀልድ አዋቂ ነኝ እላለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አፈርኩ። ሰውዬው ማን ይሁን፣ ምን ይሥራ፣ ትውደደው አትውደደው ሳልጠይቅ ነበር እኮ ያስረከብኳት። ቢመጣ ዓይነ ስውር ሽፍታም ቢሆን እሺ ብዬለት ነበር።

ሽማግሌዎቹ ይሄኔ ተቀመጡ። ለማርሚታ መጥተው ለእርቅ ዋሉ። እኔን ጥፋተኛ ለማለት ጊዜም አልፈጀባቸው። ለዘነቡ ካሳ ይገባታል ተባለና ምን ይደረግልሽ ተብላ ተጠየቀች። ወርቅ ወይ ቀሚስ ትላለች ብዬ ኪሴን በሐሳቤ ስፈትሽ፣

"ሞተሩን መንዳት ያስተምረኝ" አለች።

እኔ ሳቅሁ። የሳቅሁት ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። መምሬ ኃይሌ፣ ሴት ልጅ በሞተር ደስ ይላል እንዴ ብለው ሊያመነቱ ሲሉ ኦቦ ገመቹ ቀደሟቸው፤ እናታቸው ዕድሜ ልኳን ገበያ የወጣችው በበቅሎ ነው፣ በቅሎ ደግሞ ከሞተር ትከፋለች፣ ትራገጣለች አሉ። ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ።

ማርሚታውን አስገጠምኩ። ሞተሬ እንደ ታረመ ተማሪ ዝም አለች። ትምህርቱንም ማታ ማታ ሜዳው ላይ ጀመርን፤ ዘነቡ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። መጀመሪያ ሰሞን ቀስ ትል ነበር። ማርሽ መቀየሩ ከገባት በኋላ ግን ሜዳው ጠበባትና ወደ ሀና ማርያም መንገድ ወጣች። እዚያ ቁልቁለት ላይ ነዳጁን ስትለቀው ያለችኝ ነገር ቢኖር፣ ወንድም ጋሼ ወገቤን አትጨምድድብኝ ብቻ ነው። አሁን ትምህርት ቤቷም በሞተሬ ነው የምትሄደው። ተማሪዎቹ በር ላይ ይጠብቋታል አሉ።

የሰፈሩ ክርክር አለቀ ስል፣ ባለፈው እሑድ ሦስቱ ጋቢዎች ዳግም በሬ ላይ ቆሙ። ግቡ ብላቸው ገቡ፤ ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም። ይህን ጊዜስ ልብ ገዝቻለሁ፤ ዝም ብዬ እስከ መጨረሻው ሰማኋቸው።

"ማርሚታውን ስለ መለስክልን እግዜር ይስጥልን" አሉ አቶ በላይነህ። "ሞተሩ አይሰማም። ከኋላ ተቀምጠህ 'ፍሬን ያዢ' እያልክ የምትጮኸው ግን አላስተኛንም። ይህን ደግሞ ተውልን ብለን ነው።"

እሺ ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ገጠምኩት።

"አባቶቼ" አልኩ፣ "ቃል ከመስጠቴ በፊት ነጂዋን ልጠይቅ።"